የበር ዙሪያ ክፈፍ አገጣጠም፦ ከእንጨት መረጣ እስከ መጨረሻው ቀለም

በብሎኬት ግድግዳ ላይ የቆመ የእንጨት በር ፍሬም ከልስኑ ጋር የሚገናኝበት መስመር ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ክረምት ላይ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይኮማተራል፤ ልስኑ ግን ባለበት ነው። በሩ በኃይል በተዘጋ ቁጥር የሚመጣው ንዝረት ሲጨመርበት ስንጥቁ ይሰፋል፤ በስቱኮ ቢደፈንም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መስመሩን ደጋግሞ ከመድፈን መሸፈኑ ይሻላል፦ ፍሬሙንም ልስኑንም በሚይዝ ክፈፍ፣ ማለትም በበሩ ዙሪያ በሚለበጥ ቀጭን ጣውላ።

የአንድ በር ሁለቱን ገጽ ለመግጠም አንድ ቀን፣ ለቀለሙ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ምስማር ሳይመታ ነው፤ ያልደረቀ እንጨት ተገዝቶ፣ ወይም ፍሬሙ ቀጥ ብሎ መቆሙ ሳይታይ እንጨቱ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ።

እንጨቱ

ክፈፉ ቀለም ይቀባል ወይስ ቫርኒሽ? እንጨቱን የሚወስነው ይህ ነው። ለቀለም የፈረንጅ ጽድ ወይም 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) በቂ ነው። የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ከተፈለገ ዋንዛን የሚያህል የለም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ባሕር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ችግሩ በመጋዝ ሲሰነጠቅ መጣመሙና ሲደርቅ በጣም መኮማተሩ ነው። ኤምዲኤፍ አይጣመምም፣ እግሩን ውሃ ከነካው ግን ያብጣል፣ ያበጠውም ወደ ልኩ አይመለስም። ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና በር አይግዙት።

ስፋቱን በግምት አይወስኑ። ክፈፉ ከፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይጀምራል፤ ከፍሬሙ ላይ የቀረውን ይሸፍናል፤ ከዚያም ስንጥቁን አልፎ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር በጤናማ ልስን ላይ ማረፍ አለበት። የፍሬሙ ፊት 4.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4ቱ በፍሬሙ ላይ፣ 3ቱ በግድግዳው ላይ ይሆኑና 7 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ማብሪያ ማጥፊያው ከፍሬሙ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ። ሽፋኑ ክፈፉ የሚያርፍበት ቦታ ውስጥ ከገባ ክፈፉን ለሁሉም በር አጥብበው ይምረጡ። ለማብሪያው ሲባል አንዱን ጎን ብቻ መሸረፍ ከሩቅ ያስታውቃል።

ውፍረቱ ከ15 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው እግር ዙሪያ ከሚለበጠው ጣውላ፣ መቅጠን የለበትም፤ ቢቀጥን የዞኮሎው ጫፍ ከክፈፉ አልፎ ወጥቶ ይታያል።

ብዛቱን በምሳሌ እንየው። የፍሬሙ የውስጥ ስፋት 82፣ ከወለል እስከ አግዳሚው ያለው ከፍታ 207 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ክፈፉ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ቋሚ በረጅሙ ጎኑ 214.5፣ የላይኛው አግዳሚ ደግሞ 97 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። አንድ ገጽ 5.26 ሜትር፣ ሁለቱም ገጽ 10.52 ሜትር መሆኑ ነው። ጣውላው የ4 ሜትር ከሆነ አራት ፍሬ ይግዙ። ከሁለቱ አንድ ቋሚና አንድ አግዳሚ፣ ከቀሩት ሁለት አንድ አንድ ቋሚ ይወጣል። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኤምዲኤፍ ሉክ በ7 ሳንቲ ሜትር ሲሰነጠቅ፣ መጋዙ የሚበላውን 3 ሚሊ ሜትር ጨምሮ፣ 16 ቁራጭ ይሰጣል። ለአንድ በር 5 ቁራጭ ስለሚያስፈልግ ከአንድ ሉክ የሦስት በር ክፈፍ ወጥቶ አንድ መጠባበቂያ ይተርፋል። እዚያው ሱቁ ውስጥ በማሽን ማሰንጠቅ ቤት ወስዶ በእጅ ከመታገል ይሻላል።

ድርቀቱን መፈተሽ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። እርጥብ ጣውላ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፣ መዳፍ ሲያርፍበት ይቀዘቅዛል፣ ሲቆረጥም ሰጋቱራው አይበንም፤ ጣት መካከል ሲጨመቅ ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን አይግዙ። ደረቅ መስሎ የታየውንም ቢሆን በሚገጠምበት ክፍል ውስጥ በጠፍጣፋ ቦታ ደርድረው፣ በየመካከሉ ስንጥር አስገብተው፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ከዚያው ጣውላ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑና በየሦስት ቀኑ ይድገሙት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ለዚያ ክፍል ደርቋል ማለት ነው። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ያለበት ጣውላ ነቀዝ ስላለበት ወደ ቤት አይግባ።

መሣሪያና ዕቃ

ሜትር፣ የሾለ እርሳስ፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ (አንድ ሜትር የሚሆን ቢሆን ይመረጣል)፣ ጥርሱ የደቀቀ መጋዝ ከ45 ዲግሪ መቁረጫ ሣጥኑ ጋር፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ቀላል መዶሻና ድሪል ያዘጋጁ። ለአንድ በር 40 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ትንሽ ራስ ምስማር 40 ፍሬ ያህል፣ የእንጨት ኮላ፣ ከደረቀ በኋላም የሚለጠጥ ማጣበቂያ አንድ ቱቦ፣ ቀለም የሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ አንድ ቱቦ፣ ስቱኮ፣ 80፣ 120 እና 220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋሉ።

ማሸጊያ ሲገዙ ሲሊከን አይውሰዱ። ሲሊከን ቀለም አይቀበልም፤ በላዩ የተቀባው ሁሉ ይላጣል፣ አንዴ ከተቀባ ደግሞ ፈቅፍቆ መጨረስ ከባድ ነው።

ፍሬሙንና ግድግዳውን መፈተሽ

በመጀመሪያ ፍሬሙ የላላ መሆን አለመሆኑን በእጅ ገፍተው ይዩ። የሚነቃነቅ ከሆነ ክፈፍ አያድነውም፤ በፊሸር (ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) እና በረጅም ቪቴ (በሚጠመዘዝ ምስማር) ከግድግዳው ጋር ይታሰር። በፍሬሙና በብሎኬቱ መካከል ክፍት ቦታ ካለ በፎም ይሙሉት። ፎም ሲያብጥ ፍሬሙን ወደ ውስጥ ይገፋልና በሩን ዘግተው፣ በበሩና በፍሬሙ መካከል ካርቶን ሸጉጠው፣ በጥቂት በጥቂቱ ይንፉ። ሲደርቅ የወጣውን ከልስኑ እኩል ይቁረጡ።

ቀጥሎ ማዕዘኑ ነው። ከፍሬሙ የውስጥ ማዕዘን ተነሥተው በአግዳሚው ላይ 60፣ በቋሚው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። 100.5 ወይም 99.5 ከመጣ በ45 ዲግሪ የተቆረጠው አይገጥምም። ሁለቱንም ማዕዘን ይለኩ፤ አንዱ ትክክል ሆኖ ሌላው መጥበቡ የተለመደ ነው።

ከዚያ ውሃ ልኩን ወይም ቀጥ ያለ ጣውላ ከፍሬሙ ወደ ልስኑ አሻግረው በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ያስተኙ። እዚህ ሁለት ችግር ይገጥማል። ልስኑ ከፍሬሙ አልፎ ወጥቶ ከሆነ ክፈፉ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ በሚሸፈነው ቦታ ላይ ያለውን ልስን በመሮ ዝቅ ያድርጉት፣ ነገር ግን ክፈፉ ከሚያልቅበት መስመር 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቀርተው። እስከ መስመሩ ከሄዱ የተሸረፈው ውጭ ይታያል። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ግድግዳውን አይንኩ፤ የክፈፉን ጀርባ በመላጊያ መካከሉን ጎድጎድ ማድረግ ይበቃል። በተቃራኒው ፍሬሙ ከልስኑ ወጥቶ ከሆነ ከግድግዳው በኩል ባለው የክፈፉ ጀርባ ቀጭን ስንጥር ያጣብቁ፤ ከውጭ የሚታየውን ክፍተት በኋላ ልስን ወይም ጀሶ ይሞላዋል።

የ5 ሚሊ ሜትሩ እርከን

ክፈፉን ከፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ እኩል አድርጎ መግጠም ያምራል ብሎ የሚያስብ አለ። ፍሬሙ ትንሽ ከጎበጠ ግን ክፈፉ አንድ ቦታ ይወጣል፣ ሌላ ቦታ ይገባል፤ ዓይን ደግሞ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። 5 ሚሊ ሜትር ገባ ሲል ግን ትንሽ መወላገድ በጥላው ውስጥ ይጠፋል። ማጠፊያዎቹም መተንፈሻ ያገኛሉ። ማጠፊያው ወደሚወጣበት ገጽ ከመግጠምዎ በፊት በሩን እስከ መጨረሻ ከፍተው ክፈፉን በእጅ ይዘው ይሞክሩ፤ የማጠፊያው በርሜል ከነካው እርከኑን በዚያ ገጽ በሦስቱም ጎን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ያሳድጉ።

ስኳድራውን በ5 ሚሊ ሜትር ላይ ይዘው በሦስቱም ጎን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀጭን የእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ማዕዘኖቹ ላይ ሁለቱ መስመሮች እንዲቋረጡ ያስረዝሟቸው፤ የክፈፉ የውስጥ ማዕዘን የሚያርፈው እዚያ መቋረጫ ላይ ነው።

ከመግጠም በፊት ጀርባውን መቀባት

የክፈፉን ጀርባ አሁኑኑ አንድ ጊዜ በፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባ መነሻ ቀለም) ወይም በቫርኒሽ ይቀቡ። ፊቱ ተቀብቶ ጀርባው እርቃኑን የቀረ ጣውላ እርጥበት የሚጠጣው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ይቆለመማል። በተለይ ወደ ወለሉ የሚወርደውን የቋሚዎቹን እግር፣ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠግቡት። የእንጨት ጫፍ ውሃን ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይመጥጣል፤ ወለል በተወለወለ ቁጥር እግሩ ሲጠጣ ይከርምና መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይነሣል።

መገጣጠሚያው፦ በ45 ዲግሪ ወይስ በቀጥታ?

ሁለት መንገድ አለ። በ45 ዲግሪ መግጠም ያምራል፣ ጠርዙ የተቀረጸ ክፈፍም ያለ እርሱ አይሆንም። ጉዳቱ እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ አለመኮማተሩ ነው። 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በአንድ በጋ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል፤ ያኔ መገጣጠሚያው ከውስጥ በኩል፣ ወደ በሩ ባለው ጫፍ ይከፈታል። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ የውጪው ጫፍ ይከፈታል። የትኛው ጫፍ እንደተከፈተ አይቶ እንጨቱ እየደረቀ ይሁን እያበጠ መለየት ይቻላል።

በቀጥታ መግጠም ማለት ሁለቱ ቋሚዎች አናታቸው ቀጥ ብሎ ተቆርጦ አግዳሚው በላያቸው ሲያርፍ ነው። አግዳሚው ከቋሚዎቹ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍርና በግራ በቀኝ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ ጥላው መገጣጠሚያውን ይሸፍነዋል። ባሕር ዛፍ ወይም ድርቀቱ የሚያጠራጥር ማንኛውም እንጨት ከሆነ ይህን ይምረጡ። ኤምዲኤፍና በደንብ የደረቀ ዋንዛ በ45 ዲግሪ ቢገጠሙ ችግር የለም።

አቆራረጥ

በ45 ዲግሪ የሚገጥሙ ከሆነ በአግዳሚው ይጀምሩ። የውስጥ ጎኑ ርዝመት የፍሬሙ ስፋት ሲደመር ሁለቱ እርከን ነው፤ በምሳሌያችን 82 ሲደመር 1፣ 83 ሳንቲ ሜትር። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ካልሆነ የመቁረጫ ሣጥኑን ይተዉት። አንድ የክፈፍ ቁራጭ በአግዳሚው መስመር፣ ሌላ ቁራጭ በቋሚው መስመር ላይ አስይዘው ማዕዘኑ ላይ ይደራርቧቸው። የሚቋረጡበትን የውስጥና የውጪ ነጥብ ምልክት አድርገው በመስመር ያገናኙ። ትክክለኛው መቁረጫ ያ ነው፤ 44 ይሁን 46 ዲግሪ ማወቅ አያስፈልግም።

አግዳሚውን በሁለት ምስማር ብቻ፣ ግማሽ ድረስ መትተው ያስይዙት። አሁን የቋሚውን አንድ ጫፍ በማዕዘኑ ቆርጠው፣ ገልብጠው፣ ሹሉን ወለል ላይ አሳርፈው ከአግዳሚው ጫፍ አጠገብ ያቁሙት። የአግዳሚው የላይ ጠርዝ ቋሚውን የሚነካበት ቦታ ርዝመቱ ነው። ሜትር ሳይነካ ይለካል፣ የወለሉም መውጣትና መውረድ አብሮ ይያዛል። ከምልክቱ 3 ሚሊ ሜትር አሳጥረው ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ ይህ ክፍተት እግሩን ከውልወላ ውሃ ያርቀዋል። ግራና ቀኙን ለየብቻ ይለኩ።

ሲገጥሙት ከኋላ ተዘግቶ ከፊት ከተከፈተ ጥፋቱ የዲግሪው ላይሆን ይችላል። ክፈፎቹ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ አልተኙም ማለት ነው። ከቋሚው ወይም ከአግዳሚው ጀርባ ቀጭን ሽብልቅ ያስገቡ፣ ወይም የተቆረጠውን ፊት ከጀርባ በኩል በመላጊያ ትንሽ ያሳሱት፤ ያኔ የፊቶቹ ጠርዞች ቀድመው ይነካካሉ።

መግጠም

ክፈፉ ከፍሬሙ ጋር በምስማር፣ ከግድግዳው ጋር በሚለጠጥ ማጣበቂያ ይያዝ። ሁለቱንም ጎን በምስማር ቸንክሮ ማሰር ስህተት ነው። ፍሬሙ ሲንቀሳቀስ ግድግዳው አይንቀሳቀስምና ወይ ክፈፉ ይሰነጠቃል፣ ወይ ልስኑ ይረግፋል። ደግሞም ልስን ምስማር አይዝም፤ ሲመታ ዙሪያውን ይፈረካከሳል።

ልስኑን ከአቧራና ከሚላጥ ቀለም አጽድተው ከግድግዳው በኩል ባለው የክፈፉ ጀርባ እንደ እርሳስ የቀጠነ የማጣበቂያ መስመር ይጎትቱ፤ ከውጪው ጠርዝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ይበል፣ አለዚያ ሲጫን ይወጣል። የ45 ዲግሪውን ፊት ሁለቱንም የእንጨት ኮላ ይቀቡ። ክፈፉን በእርሳስ ምልክቱ ላይ አሳርፈው ከላይ ወደ ታች ይምቱ፦ የመጀመሪያው ምስማር ከጫፉ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጣዮቹ በየ35 ሳንቲ ሜትር፣ ሁሉም ከውስጥ ጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው። ለባሕር ዛፍና ጫፍ አካባቢ ለሚመታ ለማንኛውም ምስማር አስቀድመው በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ይብሱ፤ አለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የምስማሩ ራስ እንጨቱ ላይ ሊደርስ ሲል ያቁሙና በደነዘዘ ወፍራም ምስማር እየመቱ 2 ሚሊ ሜትር ይቅበሩት። መዶሻው ክፈፉን ከነካ ክብ ጠባሳ ይተዋል።

ጣውላው ጎብጦ ከግድግዳው አልቀመጥ ካለ ብቻ በዚያ ቦታ ፊሸርና ቪቴ ይጠቀሙ። 18 ሚሊ ሜትር ክፈፍ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ልስንና በብሎኬቱ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደመር 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ቪቴ ያስፈልጋል። ድሪሉ በድንገት ከገባ የብሎኬቱ ባዶ ቦታ ላይ ወድቀዋል፤ ፊሸሩ ይሽከረከራልና 5 ሳንቲ ሜትር ያዛውሩት። ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት ጎን ግን ከማብሪያው ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል እዚያ መስመር ላይ አይብሱ፤ በአቅራቢያውም ሲበሱ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ።

ማጣበቂያው እስኪይዝ ድረስ በሩ ለአንድ ሌሊት በኃይል አይዘጋ።

ማሳመር

የምስማሩን ቀዳዳ በስቱኮ ትንሽ አበጥ አድርገው ይሙሉ፤ ሲደርቅ ይሰረጉዳልና አንዴ ብቻ ከተሞላ ከቀለሙ በኋላ ጉድጓዱ ይታያል። ቫርኒሽ ለሚቀባ እንጨት ስቱኮ አይሆንም። የዚያኑ እንጨት ደቃቅ ሰጋቱራ በቫርኒሽ ለውሰው ይሙሉ። በኮላ ከተለወሰ ያ ቦታ ቫርኒሹን ስለማይጠጣ በየምስማሩ ላይ የተለየ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ያልተላገ ጣውላ ከሆነ በ80፣ ከዚያም በ120 ቁጥር፣ ሁልጊዜ እንጨቱ በሄደበት አቅጣጫ ይሸርሹ። በአግድም የተሸረሸረ ጭረት ከቫርኒሽ በታች ይጎላል። ሹል ጠርዞችን በአንድ ሁለት ምት ያደንዝዙ፤ ቀለም ሹል ጠርዝ ላይ አይቆምም፣ መጀመሪያ የሚላጠውም እዚያ ነው። የኤምዲኤፍ የተቆረጠ ጎን ቀለም ስለሚመጥጥ ፕራይመሩን ሁለት ጊዜ ቀብተው በመካከል በ220 ይሸርሹት። ኤምዲኤፍ ሲሸረሸር ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነውና አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

ከፕራይመሩ በኋላ ክፈፉ ከግድግዳው የሚገናኝበትን መስመር በአክሪሊክ ማሸጊያ ይሙሉና በረጠበ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ ይሳቡት። ክፈፉ ከፍሬሙ የሚገናኝበትን የ5 ሚሊ ሜትር እርከን ግን አይሙሉት። የእግሩን የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በመታጠቢያ ቤት በር ላይ ብቻ በሲሊከን ይዝጉ፤ ያ ቦታ ቀለም ስለማይቀባ ሲሊከኑ አይጎዳም።

ለክፈፍ ፕላስቲክ ቀለም አይመረጥም፤ የእጅ ቆሻሻ ይይዛል፣ ሲታጠብም ይሳሳል። ሲንቴቲክ (በቲነር የሚቀጥን የዘይት ቀለም) ይቀቡ። የመጀመሪያውን እጅ ከ5 እስከ 10 በመቶ በቲነር አቅጥነው፣ ሁለተኛውን እንዳለ፣ በቀጭኑ። በመካከሉ 24 ሰዓት ያድርቁ፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት 36 ሰዓት መጠበቅ ያዋጣል፣ ያልደረቀ ቀለም በወረቀት ሲሸረሸር ይንከባለላልና። እያንዳንዱን እጅ በ220 ቀስ ብለው ሸርሽረው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ለአንድ በር ክፈፍ፣ ጀርባውን ጨምሮ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃል። መስኮት ክፍት ይሁን።

ግድግዳውን ለመከላከል የተለጠፈውን ፕላስተር ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ጣት ላይ ሲለጠልጥ፣ በ45 ዲግሪ ወደ ራሱ እየመለሱ ይላጡት። ከደረቀ በኋላ ከተሳበ የክፈፉን ቀለም ጠርዝ ይዞ ይነሣል። ደርቆ ካገኙት መስመሩን አስቀድመው በምላጭ ይቁረጡ።